ስለ መንገድ ድስት

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለውን ተረት በአገራችን የማያውቅ ሰው የለም። ነገሩም እውነት ነው፤ ወጥን የሚያጣፍጠው ቅመሙና የባለቤቲቱ እጅ እንጂ ድስቱ የተጣደበት ድንጋይ አይደለም። ይሁን እንጂ ይህን ተረት የተናገሩት አባቶቻችንና እናቶቻችን በቤታቸው ተቀምጠው፣ ጉልቻቸውም ከስፍራው ሳይነቀል የተናገሩት ይመስለኛል። ጉልቻውን ትቶ ድስቱን ብቻ ይዞ ለወጣ ቤተሰብ የድስቱ ጆሮ ርዝመትና የክዳኑ አኳኋን እንኳ ብዙ ነገር እንደሚለውጥ በራሴ ቤት አይቻለሁ። ስለዚህ ለቤት እመቤቶችና ለአባወራዎች ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ ይህን ጥቂት ቃል ጻፍሁ።

የምኖረው በጎብዬ ነው። ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው ጎዳና ላይ፣ ከአላ ውሃ ወንዝ ማዶ የምትገኝ፣ በስተ ምዕራብ የደጋው ተራራ የሚታያት፣ በዙሪያዋም የማሽላ ማሳ የሞላባት ትንሽ ከተማ ናት። በጎዳና ላይ ያለ አገር ደግሞ የሚያልፈው ነገር ብዙ ነው። በሰላም ጊዜ ነጋዴና ገበያተኛ ያልፍበታል፤ በክፉ ቀን ደግሞ ሠራዊትና ስደተኛ ያልፍበታል። በ1888 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በወረ ኢሉ ከተው ወደ ዓድዋ በዘመቱ ጊዜ፣ ድስትና ምጣድ ተሸክመው ሠራዊቱን የተከተሉት ሴቶች በየሰፈሩ እሳት ባያነድዱ ኖሮ ጦረኛው በምን ጉልበት በተዋጋ ነበር? የጦሩ ታሪክ ተጽፎልናል፤ የድስቱ ታሪክ ግን እምብዛም አልተጻፈም።

በ2013 ዓ.ም. በሐምሌ ወር የሰሜኑ ጦርነት ወደ ቆቦ በተቃረበ ጊዜ እኛም እንደ ጎረቤቶቻችን ጓዛችንን በአንዲት አህያ ጭነን ወደ ወልድያ መንገድ ወጣን። ባለቤቴ፣ ሦስቱ ልጆቻችን፣ አማቴና እኔ ስድስት ነፍስ ነበርን። «ስንቅ በአህያ፣ አመል በጉያ» ይባላልና ዱቄቱን፣ ሽሮውን፣ በርበሬውንና በሶውን ለይቼ በሚገባ አሰርሁ። ድስቶቹን ግን እንዴት አድርጌ እንደማስር አላወቅሁም።

ድስቶቹ ሦስት ብረት ድስቶች ነበሩ፤ ትልቁ ስምንት ሊትር ያህል ይይዛል፣ የቀሩት ሁለቱም እየቀደም ተከተላቸው ያንሳሉ። አንዱ በሌላው ሆድ ውስጥ ቢገባ ሦስቱ እንደ አንድ በሆኑ ነበር። ነገር ግን ጆሮዎቻቸው ወደ ጎን ሦስት ሦስት ጣት ያህል የወጡ ስለ ሆኑ ትንሹ ወደ ትልቁ አይገባም፤ የክዳኖቹም መያዣ እንደ ጉጥ ቆሞ አላስተኛ አለ። ስለዚህ ሦስቱንም ለየብቻ በገመድ አንጠለጠልኋቸው። ቀኑን ሙሉ እርስ በርሳቸው ሲጋጩ ዋሉ፤ የትልቁ ድስት ጆሮ የአህያይቱን ጎን ሲፈገፍግ ውሎ ማታ ጭነቱን ስናወርድ ቆዳዋ ተልጦ አገኘነው። ጥላሸቱ በዱቄቱ ከረጢት ላይ ታትሞ ከላይ ያለው ዱቄት ጠቆረ። የትልቁ ድስት ክዳን ደግሞ በመንገድ ወድቆ ቀረ፤ የት እንደ ወደቀም ያየ አልነበረም።

ወልድያን አልፈን ደሴ በደረስን ጊዜ ከሌሎች ብዙ ቤተሰቦች ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ተጠለልን። የደሴ ሰው ያለውን አካፈለን፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ዱቄትም በየጊዜው ይታደለን ነበር። ችግሩ ማብሰያው ላይ ነበር። ግቢው ሲሚንቶ ስለ ሆነ ጉልቻ የሚቀበርበት አፈር የለም፤ የተገኘው ድንጋይም መጠኑ አይስተካከልም፤ ነፋሱም እሳቱን ከድስቱ ሥር እየነጠቀ ይወስደዋል። አንድ ቀን ማታ ትልቁን ድስት ሙሉ ውኃ ጥጄ ሳለ አንዱ ድንጋይ ተንሸራተተና ድስቱ ተገለበጠ። የፈላው ውኃ በታናሽ ልጄ እግር ላይ ፈሰሰ።

በዚያ ሰዓት አንዲት በሕክምና ሥራ ያገለገለች ተፈናቃይ ሴት በአጠገባችን ባትኖር ኖሮ እኔ በድንጋጤ ቅቤ ልቀባት ነበር። እርስዋ ግን እጄን ይዛ ከለከለችኝ፤ የልጅቱንም እግር ከቧንቧ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ሃያ ደቂቃ ያህል አቆየችው፤ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ሳታጠብቅ ሸፈነችውና ወደ ጤና ጣቢያ ላከችን። በቃጠሎ ላይ ቅቤ፣ ሊጥ ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት ሙቀቱን በውስጥ ያግተዋል፣ ቁስሉንም ያቆሽሸዋል እንጂ አያድንም። የልጄ እግር ድኗል፤ ጠባሳው ግን ዛሬም አለ። እኔም ያን ጠባሳ ባየሁ ቍጥር ድስት በድንጋይ ላይ ብቻ መጣድ እንደሌለበት፣ ከላይ ሊንጠለጠልም እንደሚችል አስባለሁ።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴም በደረሰ ጊዜ ዳግመኛ ጓዛችንን አስረን ወደ ደቡብ ሄድን። ድስቶቹም ዳግመኛ ተጋጩ፣ ዳግመኛም አጠቆሩን። በጥር ወር ወደ ጎብዬ ስንመለስ ቤታችን በር አልነበረውም፤ ጉልቻው ግን በስፍራው ነበረ። አማቴ ሌላውን ሁሉ ትተው አስቀድመው ጉልቻውን ጠረጉ።

ቤቱን ጥቂት ካደስን በኋላ ድስቶቹን ወደ ባለ እጅ ወስጄ ላሠራቸው ፈለግሁ። ድስትን አንጠልጥሎ ማብሰል በዓለም ላይ የታወቀ ነገር ነው። በአውስትራሊያ በጎችን እየነዱና ጠጕራቸውን እየሸለቱ በምድረ በዳ የሚሰፍሩ ሠራተኞች ከጥንት ጀምሮ «ቢሊ» የሚሉትን፣ ሽቦ ማንጠልጠያ የተበጀለትን ቆርቆሮ ድስት በእሳት ላይ አንጠልጥለው ሻይ ያፈሉበት ነበር። የጀርመን ወታደሮችም ባለፈው መቶ ዓመት መጀመሪያ የያዙት የምግብ ዕቃ ለተሸካሚው እንዲመች ሆዱ እንደ ኩላሊት ጎበጥ ያለ፣ ክዳኑም ራሱ ሳሕን የሚሆን ነበር። መንገደኛ ሕዝብ ሁሉ ዕቃውን ለመንገዱ እንዲስማማ አድርጎ ያበጃል። የእኛ አገር ሰውም አገልግልን በቆዳ ለብጦ ማንገቻ ያበጀለት በዚህ ብልሃት ነው። ታዲያ ለእንጀራው ያሰብነውን ለድስቱ ስለ ምን አላሰብንለትም?

አሳቤን ለአማቴ በነገርኋቸው ጊዜ ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«የምን ጆሮ መቁረጥ ነው ልጄ?» አሉኝ። «ድስት ጆሮዋ ከተቆረጠ የቤት ዕቃ መሆኗ ቀረ፤ የስደት ዕቃ ሆነች ማለት ነው። እኛ ገና መግባታችን ነው፤ ደግሞ ልንወጣ ነውን?»

«እምዬ፣ ልንወጣ ብለን አይደለም» አልኋቸው። ከዚህ በቀር የምለው አጣሁ፤ እንደገና ልንወጣ እንደምንችል በልቤ እፈራ ነበርና። ትልቁ ድስት ደግሞ እርሳቸው የማሽላ ዋጋ አጠራቅመው የገዙት፣ ለሠርግና ለተዝካር ጎረቤት ሁሉ የሚዋሰው ድስት ነበር። ስለዚህ ነገሩን ተውሁት።

ከሳምንት በኋላ አንድ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለን እርሳቸው ራሳቸው ነገሩን አነሡ። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ፣ ዛሬ ባለቤቴ የሆነውን ልጃቸውን አዝለው ከእናታቸው ጋር በእግር ወደ ኮረም ሄደው ነበር። ያን ጊዜ ኮረም እርዳታ ፈላጊ ከየአገሩ የተሰበሰበበት፣ የመከራችንም ወሬ በዓለም ሁሉ የተሰማበት ስፍራ እንደ ነበረ አንባብያን ያውቃሉ። እናታቸው የሸክላ ድስት በገመድ አስረው በትከሻቸው አንግተው ነበር። ከአላማጣ በላይ የግራ ካሱን ዳገት ሲወጡ ገመዱ ከድስቱ አንገት ሾለከና ድስቱ ከድንጋይ ላይ ወድቆ ተሰበረ።

«ኮረም ስንደርስ እህል ሰጡን» አሉ አማቴ። «እህል ነበረ፤ ማብሰያ አልነበረም። ድስት ያላት ሴት አብስላ እስክትጨርስ ድረስ በሯ ላይ ተቀምጠን እንጠብቅ ነበር። የእርሷ ልጆች ሲበሉ ያንተ አባት፣» አሉና ወደ ታላቁ ልጄ ዘወር ብለው፣ «ያንተ አባት በጀርባዬ ላይ ሆኖ ያለቅስ ነበር። እኔ ያን ቀን ድስት ከኖረኝ ጆሮዋን ይዤ ከቤቴ አላወጣትም ብዬ ማልሁ።»

ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ገመዱ የሾለከው መያዣ ስላልነበራት ነው» አሉ። በማግሥቱ ጠዋት ትልቁን ድስት አጥበው በደጃፍ አስቀምጠውልኝ አገኘሁት።

ወደ ባለ እጁ የሄድሁት በገበያ ቀን ነው። በአገራችን ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ሸማኔውን መናቅ የቆየ በሽታ እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ስለዚሁ ነበር። እኔ ግን የዚያን ሰው እጅ ካየሁ ወዲህ ለልጆቼ የምመኘው ሞያ ምን እንደ ሆነ አውቄአለሁ። «አያ፣ ይህን ድስት ለመንገድ የሚስማማ አድርገው ይሥሩልኝ» ባልሁት ጊዜ አልሣቀብኝም፤ ድስቶቹን አንዱን በሌላው ውስጥ እየሞከረ ብዙ ጊዜ ተመለከታቸው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። የቀድሞዎቹን ጆሮዎች ከወጡበት ላይ በመጋዝ ቆረጣቸው፤ ግርጌያቸውን ግን እንደ ተመታ ተወው፤ ቢነቀል ቀዳዳው ውኃ ያፈስ ነበርና። የተቆረጠውን ስፍራ እጅና ጨርቅ እንዳይቀድ በሞረድ አለሰለሰው። ከዚያም ከድስቱ አፍ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሎ፣ በግራና በቀኝ ትይዩ አድርጎ፣ ቀዳዳ ያለው ስስ የብረት ጠፍር በድስቱ ገላ ላይ አጣበቀ፤ በእያንዳንዱም ሁለት ሁለት ምስማር አሳልፎ ጫፉን በመዶሻ ቀጥቅጦ አሰፋው። ምስማሩ ከወጡ በላይ እንዲሆን ድስቱን ከሦስት እጅ ሁለቱን ያህል ብቻ መሙላት ይገባል፤ ይህም ደግሞ ሲፈላ እንዳይገነፍል ይረዳል።

ማንጠልጠያው እንደ ቀስት የተቀለሰ ብረት ነው። ለትልቁ ድስት ስድስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፌሮ፣ ለትንሾቹም አራት ሚሊ ሜትር ያህል ሽቦ ይበቃል። ርዝመቱን ለማወቅ የድስቱን አፍ ስፋት ለክቶ፣ ያን ስፋት አንድ ጊዜ ተኩል ከጥቂት ማብዛትና ለሁለቱ ጫፎች መቆልመሚያ ስምንት ሴንቲ ሜትር መጨመር ነው፤ የአፉ ስፋት ሃያ አራት ሴንቲ ሜትር ለሆነ ድስት ወደ አርባ ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይወስዳል። በቀስቱ መካከል ላይ ጥቂት ጎድጎድ ያለ ስፍራ ይበጅለታል፤ ድስቱ ሲንጠለጠል መስቀያው ከዚያ ጎድጓዳ ላይ ስለሚያርፍ ወዲያና ወዲህ አይንሸራተትም፣ ድስቱም አያዘነብልም። የትልቁ ማንጠልጠያ ተጋድሞ በአፉ ዙሪያ ያርፋል፤ የትንሾቹ ግን ከጆሮው ወጥቶ ለብቻው ይቀመጣል።

እዚህ ላይ ማስታወቅ የሚገባኝ ነገር አለ። ለእሳት ዳር ሥራ የሚያብረቀርቀውን፣ ዚንክ የተለበጠውን ሽቦ መምረጥ አይገባም፤ ዚንክ በኃይለኛ እሳት ሲግል ጢሱ ለሳንባ መጥፎ ነውና ጥቁሩ ብረት ይሻላል። ቀለም ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበትን ቆርቆሮም ማንጠልጠያ አበጅቶ ድስት ማድረግ ፈጽሞ አይገባም። አልሙኒየም በ660 ዲግሪ የሚቀልጥ ስስ ብረት ስለ ሆነ ባዶውን በነበልባል ላይ አንጠልጥሎ መተው ድስቱን ማጥፋት ነው።

የክዳኖቹን ጉጥ አውልቆ በምትኩ የምትተኛ የሽቦ ቀለበት አደረገ፤ ክዳኑም ተገልብጦ ሲቀመጥ ሁለተኛው ድስት በላዩ ያርፋል። ለጠፋው ክዳን ከቆርቆሮ ሌላ ቈረጠልን። እኔ ደግሞ በቤቴ ከአቡጀዲድ በድርብ የተሰፋ፣ አፉ በክር የሚሳብ ከረጢት አበጀሁ። ትንሹ በመካከለኛው፣ መካከለኛውም በትልቁ ይገባል፤ በየመካከላቸው ጨርቅ ይደረጋል፤ በትንሹም ሆድ ውስጥ ማንጠልጠያዎቹ፣ ጨው፣ በርበሬ፣ ክብሪትና ማማሰያ ይቀመጣሉ። ሦስቱ ድስቶች አንድ ድስት የሚያህል ስፍራ ያዙ፤ ጥላሸቱም ከከረጢቱ አልወጣም።

ለመስቀያው ሦስት የወይራ ወይም የግራር ዘንግ በጫፋቸው ይታሰራሉ። ቁልቋልና ቅንጭብ ግን ወተታቸው ዓይን ስለሚጎዳ ለዚህ አይሆኑም። ከመታሰሪያው ላይ አጭር ሰንሰለት ይወርዳል፤ በሁለት ጫፉ በተቃራኒ ወገን የተቆለመመ አንድ ብረትም ድስቱን ከሰንሰለቱ ጋር ያያይዛል። ድስቱ ከእሳቱ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ይሰቀላል፤ እንዲበርድ ሲፈለግ ከሰንሰለቱ አንድ ቀለበት ከፍ ማድረግ፣ እንዲፈላ ሲፈለግም ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። መሬቱ ሲሚንቶ ወይም ዐለት ከሆነ የሦስቱን ዘንግ እግሮች በገመድ እርስ በርሳቸው ማያያዝ ይገባል፤ ያለዚያ ይንሸራተታሉ። ልጆችን ከዙሪያው ማራቅ ግን ምንም ዓይነት ብልሃት የማይተካው ግዴታ ነው።

የፈራሁት ደርሶ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እንደገና በቆቦ በኩል ተነሣ። በዚያን ጊዜ ስለ ድስት የተነጋገረ ሰው በቤታችን አልነበረም፤ ከረጢቱ በግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበርና ባለቤቴ አውርዶ በአህያይቱ ጀርባ ላይ በዱቄቱ አጠገብ አሰረው። በመንገድ አንድም ነገር አልተጋጨም፤ የአህያይቱም ጎን ደኅና ነበር። ማታ ባረፍንበት ስፍራ ሦስቱን ዘንግ ተክለን ድስቱን ሰቀልን። ባዶ እጃቸውን የወጡ ሁለት ቤተሰቦች ከአጠገባችን ሰፍረው ነበር። አማቴ የእኛ ሽሮ ገና ሳይፈላ መካከለኛውን ድስት አውጥተው ለአንዷ፣ ትንሹንም ለሁለተኛዋ ሰጡና፣ «ልጆቹን አታስጠብቂያቸው፤ አሁኑኑ አብስዪላቸው» አሏቸው። እኔ ኮረምን አስታወስሁ፤ እርሳቸው ግን ስለ ኮረም አንድ ቃል አልተናገሩም።

በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ ወደ ቤታችን ተመለስን። ከዚያ ወዲህም አገራችንን ሥጋት ፈጽሞ አልተለያትም፤ ስለዚህ ከረጢቱን አላፈረስሁትም። ነገር ግን ድስቱ ለስደት ብቻ የተበጀ እንዳይመስልብን ሌላ ሥራ አገኘንለት። በአገራችን ማሽላው ማፍራት በጀመረ ጊዜ ግሪሳ ወፍ በመንጋ ይወርድበታል፤ ሰውም ማማ ሠርቶ፣ ወንጭፍ ይዞ ከማለዳ እስከ ማታ ማሳውን ይጠብቃል። ቀድሞ ለጠባቂዎቹ ምሳ ከቤት ይላክ ነበር፤ ሲደርስም ይቀዘቅዛል። ዛሬ ግን ባለቤቴና ልጆቼ ድስቶቹን በከረጢታቸው ይዘው ወርደው፣ ሦስቱን ዘንግ ከማማው ራቅ አድርገው ተክለው በዚያው ያበስላሉ።

ባለፈው የማሽላ ጥበቃ ከረጢቱን ተሸክመው የወረዱት አማቴ ነበሩ። ከማማው ሥር ተቀምጠው ንፍሮውን እየጠበቁ ሳለ ከጎረቤት ማሳ የመጣች ሴት ድስቱን ዞር ብላ አየችና፣ «ጆሮዋስ ምን ሆነ?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ለመንገድ ብለን ቆረጥነው፤ ይኸው ለማሽላው ሆነ» አሏት።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፣ ስደት እንዲመጣ የሚመኝ ሰው የለም፤ ድስቱን ለመንገድ ያዘጋጀም ሰው መንገዱን ወድዶ አይደለም። ይሁን እንጂ ማታ እሳቱ ሲዳፈን ድስቶቻችሁን አንዱን በሌላው ውስጥ አስገብታችሁ ሞክሩአቸው። አልገባ ካሉ በአቅራቢያችሁ ያለ ባለ እጅ በጥቂት ዋጋ ያስተካክላቸዋል። ለመስክ፣ ለደቦ፣ ለለቅሶና ለንግሥ ይሆኑላችኋል፤ ክፉ ቀን ከመጣም ልጆቻችሁ በሰው በር ላይ ተቀምጠው የሌላውን ድስት አይጠብቁም። ፈጣሪ ግን ድስቶቻችን ሁሉ ከማሳ በቀር ወደ ሌላ ስፍራ የማይወጡበትን ዘመን ይስጠን።